የቢሮው ካርቦን ከዶላር ጋር ሲወጣና ሲወርድ፦ ቀጥተኛ ያልሆነ ልቀት ሲለካ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ የማማከር፣ የሥልጠናና የሒሳብ ምርመራ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች የልቀት ሪፖርት ሲያዘጋጁ ደጋግሜ ያረምኋቸውን ስሕተቶች ይመለከታል። አንባቢው ሦስቱን ስኮፖችና የስኮፕ ሦስትን 15 ዘርፎች እንደሚያውቅ እገምታለሁ፤ በአጭሩ ስኮፕ አንድ ድርጅቱ በራሱ ቁጥጥር ሥር ካለ መኪናና መሣሪያ የሚወጣ ልቀት፣ ስኮፕ ሁለት ከሚገዛው ኤሌክትሪክ የሚመጣ፣ ስኮፕ ሦስት ደግሞ ከግዥ፣ ከሥራ ጉዞና ከመሰል ነገሮች በተዘዋዋሪ የሚመጣ ሌላው ልቀት ሁሉ ነው። ዝርዝሩን ያላወቀ አስቀድሞ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል የስኮፕ ሦስት መመሪያ ያንብብ።

ምልክት፦ ጉዞም ግዥም ሳይቀንስ የዓመቱ ልቀት በግማሽ ወርዶ፣ ወይም ያለ ምክንያት በእጥፍ አድጎ ይገኛል

ከአሥር ጥሪ ሰባቱ፣ ስምንቱ ይኸው ነው። መንስኤው ልቀቱ ከሊትርና ከኪሎ ሜትር ሳይሆን ከብር መሰላቱ ነው። ሒሳብ ክፍሉ የዓመቱን ወጪ በየርዕሱ ያወጣል፤ ባለሙያው ወደ ዶላር ይመነዝረዋል፤ ከዚያም «በአንድ ዶላር ይህን ያህል ኪሎ ግራም» በሚል በውጭ አገር በተዘጋጀ ማባዣ ያባዛዋል። አሠራሩ በፕሮቶኮሉ የተፈቀደ ቢሆንም የገንዘብ ዋጋ ሲናወጥ አብሮ ይናወጣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 1,140,000 ብር የጽሕፈት መሣሪያ ወጪ በ57 ሲመነዘር 20,000 ዶላር ነው፤ በ114 ሲመነዘር ግን 10,000 ይሆናል። ወረቀቱ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ካርቦኑ ግን ግማሽ።

በባሕር ዳር ያለ አንድ አማካሪ ድርጅት በዚህ መንገድ ያገኘውን «ቅናሽ» ለውጭ አገር ደንበኛው በደብዳቤ ሊያበሥር ተዘጋጅቶ ነበር። ሊፈረም ሲል ሹፌሩን «ዘንድሮ የመስክ ጉዞ ቀንሷል እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ኧረ ምን ቀንሶ፤ ጎማ እንኳ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ» አለኝ። ደብዳቤው እዚያው ቀረ። በሌላ ጊዜ ደግሞ በደብረ ማርቆስ ተቃራኒውን አየሁ። ማደያዎቹ ነዳጅ ባጡበት ወቅት ለኪራይ መኪኖች ናፍጣ የተገዛው ከመንገድ ዳር በጀሪካን፣ በማደያው ዋጋ እጥፍ ነበር። ሒሳቡ ከብር ስለተሠራ ልቀቱም እጥፍ ሆነ። ሞተር የሚያቃጥለው ናፍጣ እንጂ ብር አለመሆኑን ለሥራ አስኪያጁ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

መፍትሄው ጉዞውን ወደ ሊትር መመለስ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ይህ ቁጥር ብር ቢረክስም ቢወደድም አይለወጥም። ሊትሩን ለማግኘት መጀመሪያ ሒሳብ ክፍል አይሂዱ፤ ሹፌሮቹ ዘንድ ይሂዱ። በተሽከርካሪው ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ የሚቀመጠው፣ ዘይት የነካው የጉዞ ደብተር ከማንኛውም የኤክሴል ሰንጠረዥ ይልቅ እውነት አለው፤ የተነሡበት ሰዓት፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ፣ የተቀዳው ሊትር ሁሉ እዚያ ተጽፏል። አንድ መሥሪያ ቤት እነዚህን ደብተሮች «ያረጁ ወረቀቶች» ብሎ ዓመቱ ሲያልቅ ያቃጥላቸው እንደነበር ስሰማ የተሰማኝን እዚህ አልጽፈውም።

በዚህ ሥራ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። የነዳጅ ኩፖኑን ሊትር ከቆጣሪው ኪሎ ሜትር ጋር ሳያመሳክሩ አይቀበሉ፤ ኩፖን ወጪ ተደርጎ ናፍጣው ወደ ሌላ ሰው መኪና የገባበት ጊዜ አለ። በኪሎ ሜትር ብቻ መገመት ግድ ከሆነም ወደ አዲስ አበባ የሚደረገውን ጉዞ እንደ ሜዳ መንገድ አይቁጠሩት፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ የተጫነ መኪና ዳገቱ ላይ የሚበላው ናፍጣ ለደልዳላ መንገድ ከወጣ አማካይ ማባዣ ጋር አይገጥምም። ውሎ አበልን በትራንስፖርት ወጪ ውስጥ አይደምሩ፤ የምግብና የአልጋ ገንዘብ ነው፤ በዚህ ምክንያት አንዱ ጉዞ ሁለት ጊዜ የተቆጠረበትን ሪፖርት ከአንድም ሦስት ጊዜ አርሜያለሁ። መኪናው የማን እንደሆነም ይጠይቁ፤ በድርጅቱ ቁጥጥር ሥር ያለ መኪና ስኮፕ አንድ ሲሆን ለጥቂት ቀን ከነሹፌሩ የተከራየው ግን በስኮፕ ሦስት፣ በሥራ ጉዞ ዘርፍ ይገባል።

ዕቃንም በብር ሳይሆን በቁጥር ወይም በክብደት ይያዙ። አንድ ደስጣ የኤ4 ወረቀት፣ 500 ቅጠሉ ባለ 80 ግራም ከሆነ፣ 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ከንብረት ክፍል የወጪ ካርድ ላይ ደስጣውን መቁጠር በቂ ነው። ኢንሹራንስን፣ ጥብቅናንና መሰል አገልግሎቶችን ግን ከገንዘብ በቀር መለኪያ አይገኝላቸውም። ለእነዚህ ወጪውን በዋጋ ንረቱ አስተካክለው ማባዣው ወደተዘጋጀበት ዓመት ይመልሱትና በዚያው ዓመት ምንዛሪ ይቀይሩት፤ የዘንድሮን ምንዛሪ በዱሮ ማባዣ ላይ መጫን የመጀመሪያውን ስሕተት መልሶ መሥራት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ መነሻ ዓመቱን፣ ማለትም የኋለኞቹ ዓመታት የሚነጻጸሩበትን ዓመት፣ በአዲሱ ዘዴ እንደገና ያስሉ። ይህን የዘለለ ሰው የሚያወዳድረው ሁለት ዘዴዎችን እንጂ ሁለት ዓመታትን አይደለም።

ምልክት፦ አምፖሉ ሁሉ ተቀይሮ፣ መብራት የማጥፋት ዘመቻ ተካሂዶ ጠቅላላ ልቀቱ አይነቃነቅም

መንስኤው ከአውሮፓ የተቀዳ ዕቅድ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ነው፤ የጣና በለስ ጣቢያ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ ከመስመር የሚገዛ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያስከትለው ልቀት እጅግ ትንሽ ነው፤ መብራት መቆጠብ የወሩን ክፍያ ይቀንሳል እንጂ ለካርቦኑ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። የላፕቶፕ ልቀት በአብዛኛው ሲመረት የሚወጣ ነው፤ እዚህ ደግሞ የሚሠራበት ኤሌክትሪክ ከውሃ ስለሆነ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከፋብሪካው ነው። በሦስት ዓመት ይቀየር የነበረውን ማሽን ባትሪና ሃርድ ዲስክ ቀይሮ ስድስት ዓመት ማሠራት በዓመት የሚደርሰውን ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። ርካሽ ተብሎ የሚገዛው፣ ማጠፊያው በዓመቱ የሚሰበረው ላፕቶፕ በዚህ ሒሳብ ከሁሉ ውድ ነው፤ የግዥ ኮሚቴዎች ግን «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ» ከሚለው መስፈርት መላቀቅ አልቻሉም። ቀጥሎ የመስክ ጉዞዎችን ማጣመር ይመጣል፤ ሰኞ አንዱ ክፍል፣ ረቡዕ ሌላው ክፍል በየፊናው ወደ ፍኖተ ሰላም መኪና የሚልክበትን ልማድ በጋራ የጉዞ መርሐ ግብር ማስቀረት ምንም ግዥ አይጠይቅም።

ምልክት፦ የሠራተኞች ክበብ ከሰል በሪፖርቱ ዜሮ ተብሎ ተመዝግቧል

ክበቡን ተቋራጭ የሚያንቀሳቅሰው ከሆነ ልቀቱ ስኮፕ ሦስት ነው። «ዛፉ ተመልሶ ይበቅላል» የሚለው ክርክር በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ለከሰል ብለው ከሚተክሉት ዲከረንስ ከተባለ የግራር ዓይነት ለተሠራው ከሰል መሠረት አለው፤ ከተፈጥሮ ደን ተቆርጦ ለመጣው ግን አይሠራም። በሁለቱም ቢሆን ከባዮማስ (ከእንጨት፣ ከከሰልና ከመሰል የዕፅዋት ነዳጅ) የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከስኮፖቹ ውጭ ለብቻው ይጻፋል እንጂ አይሰረዝም፤ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ በስኮፑ ውስጥ ይቆጠራሉ። ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ሁሉ እኩል ስለማይመዝን ሦስት አራቱን በሚዛን አስመዝነው አማካዩን ይያዙ።

ምልክት፦ የኤሌክትሪክ ደረሰኙ ትንሽ፣ የመብራት መቋረጡ ብዙ

የአከራዩ ጄኔሬተር ናፍጣ በኪራዩ ውስጥ ተደብቋል፤ ሊትሩን ጠይቀው በያዙት የወለል ስፋት ልክ ድርሻዎን ያስሉና ከአከራይ እንደተገዛ ኤሌክትሪክ በስኮፕ ሁለት ይመዝግቡ።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

ልቀቱ ሺህ እጥፍ ከሆነ ኪሎ ግራምና ቶን ተቀላቅለዋል። የሚቴን ቁጥር ከሌላ ሪፖርት ጋር ካልገጠመ አንዱ 25፣ ሌላው 28 የሚለውን የመቶ ዓመት ማባዣ (ሚቴን በመቶ ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስንት እጥፍ እንደሚያሞቅ የሚገልጸውን ቁጥር) ተጠቅሟል። የአውሮፕላን ጉዞ በእጥፍ ሊደርስ የተጠጋ ልዩነት ካሳየ አንዱ ማባዣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ውጭ ያለውን የከፍታ ተፅዕኖ ጨምሯል፣ ሌላው አልጨመረም። የሐምሌና የነሐሴ ጉዞዎች ከጠፉ ደግሞ ሒሳብ ክፍሉ በኢትዮጵያ በጀት ዓመት፣ ሪፖርቱ በፈረንጆች ዓመት ነው የሠሩት፤ ደረሰኞቹን በየወሩ ከፍለው እንደገና ይደምሩ።