ውሻ ይዛችሁ ጢስ ዓባይ ለምትወርዱ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጓደኛ ጋር ውሻ ይዞ በእግር ለመንሸራሸር አሪፍ ቦታ። ግን ገና ከመኪና ሳትወርዱ ገመዱን እሰሩለት። መንገዱ ላይ በግና ፍየል ይነዳል፣ የሰፈሩ ውሾችም እንግዳ ሲያዩ ዝም አይሉም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደ ውሻ ቤቱ ይቅር፤ ይሄ ድርድር የለውም።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ጋ ስትደርሱ ገመዱን አሳጥራችሁ ያዙ። ከሥሩ ዓባይ በጠባብ ገደል ውስጥ እየተምዘገዘገ ነው የሚያልፈው፣ ውሻ ደግሞ ውሃ ሲያይ ጠርዝ ላይ ሄዶ ማጮለቅ ይወዳል። ከዚያ ዳገት አለ። ጥቁሩ ድንጋይ ሲርስ ሳሙና ነው፤ ስሊፐር አድርጎ የሚመጣ ጓደኛ ከውሻው በላይ ያስቸግራችኋል።

ወቅቱ? መስከረም አካባቢ። ውሃው ሙሉ ነው፣ ሜዳውም አደይ ለብሷል። በበጋ አብዛኛው ውሃ ለኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል፤ ፀሐዩም ስለሚከብድ በጠዋት ውጡ። መዳፋችሁን ድንጋዩ ላይ አሳርፉ፣ እናንተን ካቃጠላችሁ የውሻውንም እግር ያቃጥላል። የሚጠጣውን ውሃና ጎድጓዳ ሳህን ያዙለት። በጀልባ ለመመለስ ካሰባችሁ ባለጀልባውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ውሻ አልጭንም የሚል አይጠፋም።