ሱረት ማቆም ከፈለክ መጀመሪያ ሰው ፈልግ

ይሄን የምፅፈው ከታችኛው ከንፈሩ ስር ሱረት፣ ያቺን ሳትጨስ የምትያዘውን ትምባሆ፣ ይዞ ለሚያነበው ሰው ነው። እኔ ዘጠኝ አመት ይዣለሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው የምነዳው፣ ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ አንዴ፣ የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ስጨርስ አንዴ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ተራ እስኪደርሰኝ ደሞ አንዴ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስክተኛ ድረስ ከንፈሬ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። አራት ጊዜ ብቻዬን ለማቆም ሞክሬ አራቱንም ጊዜ ተመልሼበታለሁ፣ አንዱ ሙከራ እንደውም ሶስት ቀን አልሞላም። በአምስተኛው ከሶስት ሰዎች ጋር ሆነን አቆምን፣ ይሄው ሁለት አመት አለፈን። ወኔዬ ከበፊቱ አልጨመረም ነበር፣ ሀራራው ሲመጣ የምደውልለት ሰው ግን ነበረኝ።

ስለዚ ቀን ከመቁረጥህ በፊት ሰው ፈልግ። መጀመሪያ ያቆመ ሰው ፈልግ፣ ወር ብቻ ቢሆነውም ይበቃል፣ ምክንያቱም ሶስተኛው ቀን ላይ ሰውነት ምን እንደሚል ያውቃል፣ ያልያዘ ሰው ግን ቢወድህም "ታዲያ ለምን አትተወውም?" ነው የሚልህ። ከዛ ካንተ ጋር በአንድ ቀን የሚጀምር ሰው። ሶስት አራት ሰው በቂ ነው፣ አስራ አምስት ሰው ግሩፕ ውስጥ ከሰበሰብክ ሁሉም ሌላው ያነሳለታል ብሎ ዝም ይላል። ከኛ ውስጥ አንዱ ፒያሳ አካባቢ ፀጉር ቆራጭ ነው፣ አንዱ ከሆጤ ባጃጅ የሚነዳ፣ አንዱ ደሞ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ማታ ሺፍት የሚገባ ልጅ፣ እና ይሄ የማታ ሺፍት ልጅ ትልቅ ፀጋ ሆነልን፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ባንነህ አፍህ ሲደርቅና እጅህ ትራሱ ስር ሲገባ ደሴ ሁሉ ተኝቷል፣ እሱ ግን ነቅቷል፣ እረፍት እንደወጣ ይደውላል።

ስትጠይቃቸው ስብከት አታብዛ። "ሱረት እኮ ይገድላል" ብለህ ብትጀምር ሰውየው በልቡ ይዘጋብሃል፣ እሱም ያውቀዋል። እኔ ለፀጉር ቆራጩ ያልኩት "እኔ ላቆም ነው፣ ብቻዬን አልቻልኩትም፣ አብረኸኝ ትሆናለህ?" ብቻ ነው። ምላጩን አስቀምጦ ትንሽ ዝም አለና "ወላሂ እኔም ሳስበው ነው የከረምኩት" አለኝ። ብዙ ሰው እንደዛ ነው፣ የሚጠብቀው ቀድሞ የሚናገር ሰው ነው።

እህቶችና እናቶችም ይይዛሉ፣ ቤት ውስጥ ተደብቆ ስለሆነ አናወራውም እንጂ። ለነሱ ከወንድ ግሩፕ ይልቅ የምታምናት አንዲት ጎረቤት ትሻላለች፣ ቡና ላይ ሁለት ሆነው መጀመር ይችላሉ። እናትህ ከሆነች ደሞ ፊት ለፊት ሰው ባለበት እንዳታነሳባት፣ ለብቻዋ፣ በክብር።

ሰው ካገኛችሁ በኋላ ቀን ቁረጡ፣ አንድ ሳምንት ወይ ሁለት ሳምንት ራቅ አድርጉት። በዛ ሳምንት ሳትቀንስ ቁጠር፣ ስልክህ ላይ ሰዓቱንና ምን ስታደርግ እንደያዝክ ፃፍ። እኔ ስቆጥር በቀን አስራ አራት ጊዜ ሆኖ ደነገጥኩ፣ ስምንት ምናምን ነበር የሚመስለኝ። ከነዛ ውስጥ ደሞ አንዳንዱ በእውነት ያስፈለገህ ነው፣ አንዳንዱ እጅህ ስለለመደ ብቻ ነው። ቆጥረህ ስትጨርስ ያለሀራራ የያዝካቸውን መጀመሪያ ቁረጥ፣ ከዛ በመሀል ያለውን ሰዓት አራዝም። ለቅሶ ወይ ሰርግ ያለበትን ሳምንት አትምረጥ። ሙስሊም ለሆነ ወንድማችን ረመዳን ወርቅ ጊዜ ነው፣ ያው ቀኑን ሙሉ ሳትይዝ ትውላለህ አይደል፣ ማለትም ሰውነትህ እንደሚችል በየአመቱ አይተኸዋል፣ የሚያሸንፍህ ከኢፍጣር በኋላ ያለችው አንዲት ሰዓት ናት፣ ስለዚ እሷን ሰዓት ከጓደኛህ ጋር ተቀጣጠርባት፣ ተራዊህ አብራችሁ ሂዱ፣ ብቻህን እቤት አትቀመጥ። ለክርስቲያኑም ፆም ሲገባ እንደዚሁ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት ባለው ማታ ያለህን ሁሉ አውጣ። የጃኬት ኪስ፣ ዳሽቦርድ፣ ፍራሽ ስር፣ የሌላ ሱሪ ኪስ፣ በትንሽ ፌስታል የተቋጠረች ለክፉ ቀን ብለህ ያስቀመጥካት አለች፣ እሷንም። ከምትገዛበት ሰው ጋርም ተነጋገር፣ በዱቤ እንዳይሰጥህ ንገረው፣ የኛ ባጃጅ ነጂ ይሄን ሲናገር ሻጯ እንደምትቆጣ ጠብቆ ነበር፣ "አብሽር ልጄ፣ አላህ ያግዝህ" ነው ያለችው።

አሁን ዋናው ነገር። ሀራራ ሲመጣ የማያልቅ ይመስላል፣ ግን ያልቃል፣ አንዱ ማዕበል ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ ያዝክም አልያዝክም ይሄዳል። ስለዚ "ከእንግዲህ በህይወቴ አልይዝም" የሚለውን ትልቅ ነገር ተሸክመህ አትዙር፣ አሁን ያለችውን አስር ደቂቃ ብቻ አሳልፋት። ህጋችን አንድ ነበረች፣ ከመያዝህ በፊት ደውል። ካርድ ከሌለህ ሚስኮል አድርግ፣ ሚስኮል ያየ ሰው ወዲያው ይደውላል።

ሶስተኛው ቀን ላይ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ተራ እየጠበቅኩ ነበር፣ ሙቀቱ፣ የረዳቶች ጩኸት፣ ጎኔ ያለው ሹፌር ፌስታሉን ሲፈታ ሽታው መጣብኝ፣ እጄ ሳላዝዘው ደረት ኪሴ ውስጥ ገባ፣ ባዶ ነው፣ ጣቴ የኪሱን ስፌት ዳበሰ። ምራቄ ሞላ። ከመኪና ወርጄ ፀጉር ቆራጩ ጋር ደወልኩ፣ ሰው እየቆረጠ ነበር፣ ስፒከር ላይ አደረገው መሰለኝ የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል። "ስንት ሰዓት ነው አንተ ጋ?" አለኝ። 4 ሰዓት ከሩብ አልኩት። "እስከ ተኩል ከኔ ጋር ነህ" አለና ስለሚቆርጠው ህፃን ልጅ ያወራኝ ጀመር፣ ልጁ ማሽኑን ሲያይ እንዴት እንዳለቀሰ፣ እናትየው በብስኩት እንዴት እንዳባበለችው። ስለ ሱረት አንድ ቃል አልተናገረም። 4 ተኩል ሊሆን ሲል ትከሻዬ ሲላላ ተሰማኝ፣ ተራዬም ደረሰ።

ከዛ የተማርኩት፣ ሲደወልልህ አትምከር። የደወለው ሰው ጉዳቱን አልረሳውም፣ ሰዓት ነው የሚፈልገው። የት ነህ በለው፣ ከምን በኋላ ነው የመጣብህ በለው፣ ከተቀመጠ አስነሳው፣ ቦታውን ለቆ እንዲሄድ አድርገው፣ ከዛ ስለ ልጅ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ገበያ አውራው።

አፍህ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፣ ይሄን አትናቀው። መፋቂያ ወይ ሲዋክ በኪስ መያዝ ለኔ ከሁሉ በላይ ሰርቶልኛል፣ እጅም አፍም ስራ ያገኛል። ቆሎ፣ ሱፍ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ። አንዳንዱ ቅርንፉድ ይይዛል፣ ከንፈርህ ውስጥ ቁስል ካለ ግን ያቃጥልሃል ተወው። ወደ ሲጋራ፣ ወደ ሺሻ፣ ወይ አሁን በቆርቆሮ ወደሚመጡት የኒኮቲን ከረጢቶች መዞር ግን ማቆም አይደለም፣ ሱስ የሚያስይዘውን ኒኮቲን ይዘህ ቤት መቀየር ነው።

ሰውነትህ ላይ የሚመጣውን ቀድመህ እወቀው። ኒኮቲን ከደም ቶሎ ነው የሚወጣው፣ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ ለዛ ነው ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምትፈልገው እሱን የሆነው። ካቆምክ በኋላ ሁለተኛውና ሶስተኛው ቀን በጣም ይከብዳል፣ ከዛ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ለአብዛኛው ሰው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት። ንዴት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ረሀብ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሀሳብ መበታተን። ቤተሰብህን ቀድመህ ንገራቸው፣ "ለአንድ ሳምንት ብነጫነጭ ታገሱኝ" በላቸው። ሹፌር ከሆንክ ደሞ እባክህ ይሄን ስማኝ፣ በነዛ ሶስት ቀናት ጉዞ ቀንስ፣ ሀሳብህ ተበታትኖ በጉም ሀረጎን አትውረድ፣ እኔ ሁለተኛውን ቀን መኪናዋን ለሌላ ሹፌር ሰጥቼ ቤት ዋልኩ፣ የቀን ገቢ ቀረብኝ ግን አልቆጨኝም።

በቀን ብዙ የምትይዝ ከሆንክ የኒኮቲን ማስቲካ ወይ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ይረዳል፣ የአለም ጤና ድርጅት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሰረታዊ መድሀኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ፋርማሲ ጠይቅ፣ ካገኘህ አጠቃቀሙን እወቅ፣ ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም፣ ትንሽ ታኝክና ምላስህን ቆንጠጥ ሲያደርግህ በጉንጭህ ታሳርፈዋለህ፣ ቆንጠጡ ሲጠፋ እንደገና። ዝም ብለህ ካኘክ ትውጠዋለህ፣ ስቅታና ማቅለሽለሽ ነው የሚያተርፍልህ። ደሞ ቡና ወይ ለስላሳ ከጠጣህ 15 ደቂቃ ሳይሞላ አትጠቀመው፣ አፍ ውስጥ ያለው አሲድ ኒኮቲኑ እንዳይገባ ያደርገዋል፣ እኛ ሀገር ደሞ አቦል ቶና በረካ እያልን ስንቀመጥ ይሄን ካላወቅክ መድሀኒቱ አይሰራም ትላለህ። ነፍሰ ጡር ወይ የልብ ህመም ያለበት ሰው ሀኪም ሳያማክር አይጀምር።

ጫት ነገር ላይ እውነቱን ልናገር። የሚቅም ሰው በርጫ ላይ ተቀምጦ ሱረት ብቻ ልተው ቢል በጣም ይቸገራል፣ ሁለቱ አብረው ነው የለመዱት። ቢቻል የመጀመሪያውን ወር ጫቱንም ተወው። ካልሆነልህ ሱረት ከሚይዙት ጋር አትቀመጥ፣ ቢያንስ ያንን።

ገንዘቡንስ? እኛ በየቀኑ ለሱረት የምናወጣውን ዕቁብ አደረግነው፣ በየሳምንቱ ሰብስበን ለአንዱ ይወጣል፣ ባጃጅ ነጂው በመጀመሪያው ዕጣ ለልጁ ጫማና ደብተር ገዛበት። መጀመሪያ ላይ ደሞ የያዘ ሰው ይቀጣ ብለን ነበር፣ እሱን ግን በሁለተኛው ሳምንት አነሳነው፣ ምክንያቱም ፋብሪካ የሚሰራው ልጅ ሱረት ይዞ ቅጣቱን ፈርቶ ደበቀን፣ አምስት ቀን ሙሉ ስልክ አላነሳም፣ እኛም ልናጣው ነበር። ቅጣት ሰውን ከሱረቱ አያርቀውም፣ ከግሩፑ ነው የሚያርቀው። ዛሬ አንድ ሰው ቴሌግራም ላይ "ያዝኩ" ብሎ ከፃፈ መልሱ "የት ነህ? ተፋው፣ አፍህን ተጉመጥመጥ፣ መጣሁ" ነው። እኔ ራሴ ለቅሶ ቤት አንድ አባት "እንካ ልጄ ሀዘንህን ያስረሳሃል" ብለው ሰጥተውኝ እምቢ ማለት ከብዶኝ ይዣለሁ፣ በሶስተኛው ሳምንት። ያን ማታ ፃፍኩላቸው። አንድ ጊዜ መያዝ ያለፈውን ሶስት ሳምንት አያጠፋውም፣ አደገኛው "አበላሸሁት በቃ" ብለህ ነገ ፌስታል መግዛትህ ነው።

አንድ ነገር ደሞ፣ ጭስ ስለሌለው አይጎዳም የሚባለው ልክ አይደለም። የአለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ጭስ አልባ ትምባሆ የአፍ፣ የምግብ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጧል። አመድ ወይ ሶዳ የተቀላቀለበት ከሆነ ደሞ ኒኮቲኑ በፍጥነት ነው የሚገባው፣ ሱሱም እንደዛው ይጠነክራል። ስለዚ ዛሬውኑ መስታወት ፊት ቆመህ ከንፈርህን ወደታች ገልብጠው፣ የምትይዝበትን ቦታ እየው። ድድህ ሸሽቶ የጥርስህ ስር ታይቷል? የተሸበሸበ ነጭ ነገር አለ? እኔ ጋ የጥፍር ታህል ነጭ ነበረች፣ ካቆምኩ ከወር በኋላ ጠፋች፣ ብዙ ሰው ላይም ሲቆም ይጠፋል። ግን ከሁለት ሳምንት በላይ የማይድን ቁስል፣ እብጠት፣ የሚደማ ወይ ቀይ የሆነ ቦታ ካየህ ጓደኛህን ይዘህ ጥርስ ሀኪም ጋ ሂድ፣ ያቆምክ ብትሆንም ሂድ። እኔን ባጃጅ ነጂው ነው እጄን ይዞ የወሰደኝ፣ ብቻዬን ብሆን ነገ ነገ እያልኩ አልሄድም ነበር።

ከሶስት ወር በኋላ ሀራራው ይራራቃል፣ ግሩፑን ግን አታፍርሱት፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ የሚመጣው ሳይታሰብ ነው፣ የድሮ ጓደኛ ስታገኝ፣ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ላይ ስታድር። አዲስ ሰው ሲመጣም ተቀበሉት፣ እኛ ጋ አሁን አንድ የ22 አመት ረዳት አለ፣ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ሲደውልልኝ ስልኬ ዳሽቦርዱ ላይ ነው፣ ድሮ ፌስታሏ የነበረችበት ጋ፣ ግን ሀረጎ ላይ ከሆንኩ አላነሳም፣ ስለዚ የፀጉር ቆራጩንም የማታ ሺፍቱንም ልጅ ቁጥር ወረቀት ላይ ፅፌ ሰጥቼዋለሁ፣ አንዳችን ባናነሳ ሌላው እንዲያነሳለት።