የአጥርና የቴርሞሜትር ሱዶኩ፦ እንዴት ይፈታል፣ እንዴትስ ይዘጋጃል

መደበኛ ሱዶኩ (በ9 በ9 ሰንጠረዥ ላይ በእያንዳንዱ ረድፍ፣ ዓምድና ባለ 9 ካሬ ሳጥን ከ1 እስከ 9 ያሉ አሃዞች አንድ አንድ ጊዜ የሚሞሉበት ጨዋታ) አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ቢያንስ 17 አሃዞች ቀድመው መሞላት አለባቸው፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2012 በኮምፒውተር ስሌት ተረጋግጧል። ተጨማሪ ሕግ ሲገባበት ግን አንድም አሃዝ ሳይሰጥ ሊፈታ ይችላል። እዚህ የምናየው ሁለት ሕጎችን ነው።

በአጥር የተከበቡ ካሬዎች ተደምረው ጥጉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይሰጣሉ፤ በአንድ አጥር ውስጥ አሃዝ አይደገምም። በቴርሞሜትር፣ ማለትም ከክብ ተነስቶ በካሬዎች ላይ በሚያልፍ መስመር፣ ላይ ደግሞ አሃዞቹ ከክቡ ሥር እስከ ጫፉ እየጨመሩ ይሄዳሉ።

ሲፈቱ

መጀመሪያ አንድ አማራጭ ብቻ ያላቸውን አጥሮች ይፈልጉ። በሁለት ካሬ ድምራቸው 3፣ 4፣ 16 እና 17፤ በሦስት ካሬ 6፣ 7፣ 23 እና 24፤ በአራት ካሬ 10፣ 11፣ 29 እና 30 ናቸው። እነዚህን በቃል መያዝ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ቀጥሎ 45ን ይጠቀሙ፤ የእያንዳንዱ ረድፍ፣ ዓምድና ሳጥን ድምር ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉት አጥሮች ድምራቸው 38 ከሆነና ከአጥር ውጭ የቀረው አንድ ካሬ ብቻ ከሆነ፣ እሱ 7 ነው። አጥሮቹ ሳጥኑን ሞልተው አንድ ካሬ ወደ ጎረቤት ሳጥን ካሳለፉና ድምራቸው 51 ከሆነ ደግሞ ያለፈው ካሬ 6 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያለፈውን ካሬ ሳያስተውል ሲደምር ነው።

ቴርሞሜትር በረዘመ ቁጥር አማራጩ ይጠብባል። ባለ 6 ካሬው ሥሩ ከ1 እስከ 4፣ ጫፉ ከ6 እስከ 9 ነው። በባለ 8 ካሬው ለእያንዳንዱ ካሬ ሁለት አማራጭ ብቻ ይቀራል።

ሲያዘጋጁ

ተሞልቶ ካለቀ ሰንጠረዥ አይነሱ። ባለቀ መልስ ላይ የሚሳሉ አጥሮች ትክክል ቢሆኑም መንገድ አይሰጡም፤ ፈቺው በግምት ለመሞከር ይገደዳል። ከባዶ ሰንጠረዥ ተነስተው አንድ ፍንጭ (አጥር ወይም ቴርሞሜትር) ያስቀምጡ፣ እስከሚወስድዎ ድረስ ይፍቱ፣ ሲቆም ሌላ ይጨምሩ።

ለምሳሌ በ1ኛው ረድፍ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካሬዎች አጥረው 17 ይጻፉ። በ5ኛው ዓምድ ከ7ኛው ረድፍ ተነስቶ እስከ 1ኛው ረድፍ የሚወጣ ባለ 7 ካሬ ቴርሞሜትር ይሳሉ። ጫፉ 7፣ 8 ወይም 9 መሆን ይችል ነበር፤ ነገር ግን 8 እና 9 በአጥሩ ተይዘዋል። ስለዚህ ጫፉ 7 ነው፣ ከሥር እስከ ጫፍም ከ1 እስከ 7 በአንድ ጊዜ ይሞላል! ከዓምዱ ግርጌ የቀሩት ሁለት ካሬዎች 8 እና 9 ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን አልታወቀም። አሁን በ9ኛው ረድፍ 5ኛውንና 6ኛውን ካሬ አጥረው 10 ይጻፉ። 5ኛው ካሬ 9 ከሆነ ጎረቤቱ 1 ሊሆን ነው፤ ያ ሳጥን ግን የቴርሞሜትሩን ሥር፣ 1ን፣ ይዟል። ስለዚህ 8 እና 2 ናቸው። ሦስት ፍንጭ አሥር ካሬ አስገኘ፤ ጥሩ መክፈቻ እንዲህ ነው፣ እያንዳንዱ ፍንጭ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ነው ኃይሉ የሚታየው።

ወደ መጨረሻው የሚያስቸግረው በሁለት ረድፍ፣ በሁለት ዓምድና በሁለት ሳጥን ላይ ያረፉ አራት ካሬዎች ሁለት አሃዞችን ብቻ ሲቀበሉ ነው። አሃዞቹ ቦታ ቢለዋወጡም ሁሉም ነገር ልክ ስለሚሆን መልሱ ሁለት ይሆናል። በአንድ ረድፍ ያሉትን ሁለቱን አብሮ ማጠር አይረዳም፣ ድምሩ አይለወጥምና። አንዱን ብቻ ከውጭ ካለ ካሬ ጋር በአንድ አጥር ይክበቡ ወይም በሁለቱ ላይ ቴርሞሜትር ያሳልፉ።

ከዚያ እንደ ኤፍ-ፐዝልስ ባለ የራሱ ፈቺ ባለው ፕሮግራም መልሱ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ፕሮግራም ግን ድካምን አያውቅም፤ ለሰው የሚከብደውን በመሞከር ያልፈዋል። ስለዚህ ከጥቂት ቀናት በኋላ ራስዎ ከባዶ ይፍቱት፤ ለመገመት የተገደዱበት ቦታ ላይ ፍንጭ ይጨምሩ። ሕጉን ሲጽፉም በአጥር ውስጥ አሃዝ መደገም አለመደገሙን በግልጽ ያስፍሩ፤ የሚፈቅዱ አዘጋጆች አሉና ፈቺው በራሱ ሊገምት አይገባም።