ሰንሩፍ ሲጮህ፦ ከደረቀ ጎሚኒ እስከ ጋራንቲ

አስፋልት ላይ ዝም ብሎ ኮብልስቶን ሲነካ ሲጥ ሲጥ የሚል ሰንሩፍ (የመኪና ጣራ ላይ የሚከፈት መስታወት) ብዙውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለውም፤ ጎሚኒው፣ ማለትም የመስታወቱ ዙሪያ ላስቲክ፣ ደርቋል። ኮብልስቶን ላይ የመኪናው አካል ሲወዛወዝ መስታወቱ ጎሚኒው ላይ በጥቂቱ ይንሸራተታል። የጎንደር በጋ በአቧራና በፀሐይ ያደረቀው ጎሚኒ መስታወቱን ይይዝና ይለቀዋል፤ ጩኸቱ ያ ነው።

ለመለየት፣ እዚያው መንገድ ላይ ሰንሩፉን ከኋላ በኩል ብቻ ቀና አድርጋችሁ ንዱ። ድምፁ ከጠፋ ጎሚኒው ነው። ቋ ቋ ማለቱን ከቀጠለ ሐዲዱን ወይም የመስታወቱን ማሰሪያ ቪቴዎች እዩ።

ጎሚኒው ከሆነ ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። በለብታ ውሃና በጥቂት ሳሙና የራሰ ነጭ ጨርቅ እጥፋቱ ውስጥ አስገብታችሁ ዙሪያውን ጎትቱ። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ መውጣቱን እስኪያቆም ድገሙት። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ሽንብራ የሚያህል የሲሊኮን ግሪስ በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 3 ወይም 4 ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፣ የተረፈውን ጥረጉ። የተረፈ ግሪስ አቧራ ይሰበስብና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ተራ ግሪስ በፍጹም! ለሁለት ቀን ዝም ያሰኛል፣ ከዚያ ጎሚኒው ያብጣል። በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይገባል፤ መስታወቱ ሲዘጋ ጠርዙን ገልብጦ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ መቀየር ብቻ ነው፤ በሜትር ተቆርጦ በሱፐር ግሉ የሚቀጠለው ጎሚኒ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ስለሚከፈት ገንዘብ አታባክኑበት።

በፍጥነት ስትነዱ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ የፊቱን ክፍተት በወረቀት ፕላስተር ሸፍናችሁ ሞክሩ። ፉጨቱ ከቆመ የመስታወቱ ከፍታ ተዛብቷል። ፊቱ ከጣራው እኩል ወይም እስከ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ፣ ኋላው እኩል ወይም እስከ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ልክ ከሰጠ እሱ ይቀድማል።

መስታወቱ ተጣሞ ከቆመ ችግሩ የሚጎትተው ኬብል ሊሆን ይችላል፤ ማብሪያውን ደጋግማችሁ አትጫኑ።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ሰንሩፉን ከፍታችሁ በየማዕዘኑ ባለው የውሃ መውረጃ ቱቦ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ በመኪናው ሥር መውጣት አለበት። ካልወጣ በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ ቱቦው ከጣራው ጨርቅ በላይ ይነቀላል።

ጋራንቲ ያለው መኪና ከሆነ ከማጽዳት ያለፈ ነገር አታስነኩ። ከሻጩ ውጭ በሆነ ጋራዥ የተፈታ ቪቴ የጋራንቲ ጥያቄውን ውድቅ ለማድረግ ሰበብ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ አምራቾች የድምፅና የማስተካከያ ሥራን የሚሸፍኑት ለመጀመሪያው 1 ዓመት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱን አንብቡ። ድምፁን በቪዲዮ ቅረጹ፤ ኪሎ ሜትሩና ቀኑ ይታይ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፤ በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ አሳውቁ፣ ቀሪው ላይ አስፈርሙ። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ ከጎንደር ተነስታችሁ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከመንዳታችሁ በፊት የጉዞውን ወጪ ማን እንደሚችል በጽሑፍ ይመልስላችሁ።