ሳሉ ለቆ ሆድ ሲቀር፦ ከኮቪድ በኋላ የተረበሸ ሆድን እንዴት መመለስ ይቻላል?

ትኩሳቱ ወርዷል፣ ሳሉ ቆሟል፣ ሥራም ተጀምሯል፤ ሆድ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሁለት ጉርሻ ሳይበሉ ይጠግባሉ፣ ይነፋዎታል፣ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሽዎታል፣ አንዳንዴም ያስቀምጥዎታል። ጭንቀት የወለደው ነው ብለው ራስዎን አይውቀሱ። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበት በር ከሳንባ ሌላ በትንሹ አንጀት ሽፋን ላይም በብዛት ስላለ አንጀትም አብሮ ይታመማል። በዚያ ላይ በሕመሙ ወቅት የተወሰደ አንቲባዮቲክ ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ያመናምናል፤ ለራስ ምታት የተዋጠ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራን ይጎዳል።

በመጀመሪያ የአደጋ ምልክት አለመኖሩን ያረጋግጡ። ደም የተቀላቀለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ያለምክንያት መክሳት፣ የተመለሰ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካለ ቀጥሎ ያለውን ትተው ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ከሌለ፣ የቤት ውስጥ መድኃኒቱን ያቁሙ። ይህን አጥብቄ የምለው በእናቴ ስላየሁት ነው። ከዳነች በኋላም ለሦስት ሳምንት ጎህ ሳይቀድ የሙቀጫዋ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጣ፣ ሎሚ ጨምቃ በባዶ ሆዷ ትጠጣለች፣ ከዚያ እስከ ምሳ ደረቷን ሲያቃጥላት ይውላል። እኛ ደግሞ በሽታው አልለቀቃትም ብለን ፌጦ ጨመርንላት! መውሰዱን ባቆመች በሳምንቱ ቃሩ ቀነሰ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የቆሰለ ጨጓራን ያቃጥላል፣ አንጀትንም ይነፋል።

ተቅማጥ ካለ ፈሳሽ ይተኩ። ከፋርማሲ የሚገዛው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ይመረጣል። ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ይበጥብጡ። ጨው ሲበዛ ስለሚጎዳ ልኩን አይለፉ።

ምግቡን በቀን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይብሉ። አጥሚት፣ የቡላ ገንፎ፣ ሩዝ፣ የድንች አልጫ፣ ሙዝ ለሆድ ይቀላሉ። በርበሬና ቅባት የበዛበት ወጥ ለጊዜው ይቆይ። ጾመኛ ከሆኑ ሽሮውን ቀጠን፣ መጠኑንም አነስ ያድርጉት፤ ጥራጥሬ የተዳከመ አንጀትን ይነፋል። የአንጀት ሽፋን ሲጎዳ የወተትን ስኳር መፍጨት ስለሚያቅተው ወተትን ለሁለት ሳምንት ያህል ትተው እርጎ ይሞክሩ። ቡናን በባዶ ሆድ አይጠጡ፤ ከምግብ በኋላ አቦሉ ይበቃል።

ሲሻልዎት ያቆሙትን ምግብ አንድ በአንድ ይመልሱ። ዛሬ ሽሮ ከሞከሩ ወተቱን ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይሞክሩ። የበሉትንና የተሰማዎትን በደብተር ይጻፉ፤ አለበለዚያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጀምረው የትኛው እንዳስነሳብዎት ሳያውቁት ይቀራሉ።

«አሜባ ነው»፣ «ታይፎይድ ነው» እየተባለ ሳይመረመሩ መድኃኒት መዋጥ ግን እጅግ ያሳስበኛል። ሌላ አንቲባዮቲክ መጨመር ገና በማገገም ላይ ያለውን አንጀት መልሶ ያውካል። ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ተውሳክም ሆነ የጨጓራ ባክቴሪያ በምርመራ ይለያሉ፤ ሕክምናቸውም የተለያየ ነው።

አራት ሳምንት ሞልቶ ለውጥ ከሌለ ሐኪም ያማክሩ። ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፤ መቼ እንደጀመረዎት፣ የትኛው ምግብ እንደሚያስነሳብዎትና የትኞቹን መድኃኒቶች እንደወሰዱ የተጻፈበት ገጽ ሐኪሙን ከብዙ ጥያቄ ያድነዋል።