ናጆንቺልጊ፦ የኮሪያን የዛጎል ሣጥን የሚያበላሹ ስህተቶች

ናጆንቺልጊ በጥቁር ላኬር (ከዛፍ ፈሳሽ በሚሠራ አንጸባራቂ ቀለም) በተቀባ እንጨት ላይ ስስ የዛጎል ቁራጮች ተለጥፈው የሚሠራ የኮሪያ የእጅ ሥራ ነው።

የተነሳን ዛጎል በሱፐር ግሉ መለጠፍ። ከሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ ከዚሁ እንጀምር። በድሮዎቹ ሣጥኖች ላይ ከ1 ሚሊሜትር የሳሳው ዛጎል የሚጣበቀው ከቆዳ ወይም ከዓሣ በሚፈላ ሙጫ ነው። ያ ሙጫ በጥቂት እርጥበትና ሙቀት ይላላል፤ ስለዚህ ጥገናው ሲያረጅ ፈትቶ እንደገና መሥራት ይቻላል። ሱፐር ግሉ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። ቀጣዩ ጠጋኝ ሊያላቅቀው ሲሞክር ወይ ዛጎሉ ይሰበራል፣ ወይ ከሥሩ ያለው ጥቁር ላኬር ተገንጥሎ ይመጣል። ሲደርቅ የሚተነው ጭስ ደግሞ በዙሪያው ነጭ እድፍ ይጥላል። “አንዲት ጠብታ ብቻ ናት” ይባላል፤ ሣጥኑን ለማበላሸት እኮ አንዲት ጠብታ በቂ ናት! ጫፉ የተነሳውን አትጫኑት፣ በፕላስተርም አትያዙት፤ ፕላስተሩ ሲነሳ ጤነኛውንም ይዞ ይነሳል። የወደቀውን ቁራጭ በትንሽ ፖስታ አድርጉ፤ ከየት እንደወደቀ ጻፉበት፣ ቦታውን ፎቶ አንሱ፣ ለባለሙያም አቆዩት።

በእርጥብ ጨርቅ መወልወል። ላኬሩ ኦት ከሚባል ዛፍ የሚቀዳ ፈሳሽ ነው፤ አዲስ ሳለ ውኃም አሲድም አይበግረውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት ብርሃን ያገኘው ገጽ በዓይን በማይታዩ ስንጥቆች ይሞላል፤ ውኃ ሲነካው ይነጣል፣ ይደበዝዛል። በስንጥቁ የገባው ውኃ ደግሞ ሙጫውን ያላላል። አቼቶና ሎሚማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ዛጎል ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ይበላዋል። አቧራውን ከለስላሳ ፀጉር በተሠራ ደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። ጨርቅ የተነሳ ጫፍ ይጎትታል።

የወይራ ዘይት ወይም የቤት ዕቃ ማስዋቢያ ቅባት መቀባት። ለሳምንት ያብረቀርቃል፤ ከዚያ አቧራ ይሰበስባል። ስንጥቅ ውስጥ የገባ ዘይት ያለበት ቦታ ሙጫ አይዝም።

ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ። ይህ ላኬር እንደ ሌላ ቀለም በደረቅ አየር አይደርቅም፤ የሚጠነክረው ከ70 እስከ 80 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ነው። ከሥሩ ያለው እንጨት ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያብጥና ሲኮማተር ይኖራል፤ ዛጎሉ ደግሞ አይኮማተርም። በክረምት ማሞቂያ በሚነድበት የአውሮፓ ቤት፣ ወይም ቀን ከሌት ማቀዝቀዣ በሚነፍስበት የባሕረ ሰላጤ አፓርታማ፣ እንጨቱ ሲጠብ ዛጎሉ ቦታ አጥቶ ይነሳል። 50 በመቶ አካባቢ የማይዋዥቅ እርጥበት ይስማማዋል። ደርቋል ብላችሁ ከእንፋሎት አጠገብ አታስቀምጡት፤ ድንገተኛ ለውጥ ከድርቀቱ የባሰ ነው። መስኮት አጠገብም፣ መብራት ባለው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥም አይሁን፤ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይለፍ።

የናሱን ማጠፊያና ቁልፍ በመወልወያ ማንጻት። መወልወያው ዳር ዳሩን ላኬሩን ይፍቀዋል፣ ነጭ ዱቄቱም ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል። የጠቆረ ናስ ሣጥኑን አይጎዳም፤ ተዉት።

በክዳኑ ማንሳት። በሁለት እጅ፣ ከሥር።

ሻጭ ሁሉ “የጎርዮ ዘመን ነው” ሲል ማመን። ጎርዮ ከ918 እስከ 1392 እ.ኤ.አ. በኮሪያ የነገሠ ሥርወ መንግሥት ነው፤ ከዚያ ዘመን በዓለም ላይ የተረፉት የዚህ ዓይነት ዕቃዎች ጥቂት ብቻ ናቸው። በገበያ የሚዞረው አብዛኛው የ19ኛውና የ20ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በኦት ፈንታ ካሹ ከሚባል ለውዝ ቅርፊት ዘይት የሚሠራ ቀለም ተስፋፍቷል። ስለዚህ ምንም ማስለቀቂያ ከመንካቱ በፊት የትኛው እንደሆነ ይለይ።