ወደ ሲ የሚቀየር የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስትነድፉ

አዲስ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መሥራት ካማራችሁ፣ ፕሮግራሙን ወደ ሲ ቋንቋ ቀይሩና የማሽን ኮድ ማውጣቱን ለሲ ኮምፓይለር (ሲን ወደ ማሽን ኮድ ለሚቀይረው ፕሮግራም) ተዉለት። መንገዱ የተለመደ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ እንኳ በ1980ዎቹ ሲጀምር ሲፍሮንት በሚባል ፕሮግራም ወደ ሲ እየተቀየረ ነበር የሚሠራው። ኒምና ቫላ የሚባሉት ቋንቋዎች ዛሬም እንደዚያ ያደርጋሉ።

ብዙ ሰው ከሲንታክሱ (ከአጻጻፍ ሕጉ) ይጀምርና ቅንፍ ይኑር አይኑር ሲል ይከርማል። እኔ ከመጨረሻው ጀምሩ ባይ ነኝ። ባሰባችሁት ቋንቋ አንድ አጭር ፕሮግራም ጻፉ። ከሥሩ፣ ኮምፓይለራችሁ እንዲያወጣው የምትፈልጉትን ሲ በእጃችሁ ጻፉና አስኪዱት። እናንተ ያቃታችሁን ኮምፓይለራችሁ አይችለውም።

ትልቁ ጣጣ የሲ ጠባይ ሳታውቁት ወደ ቋንቋችሁ ሾልኮ መግባቱ ነው። ይህቺን መስመር እዩ፦

ቀንስ(አንብብ(), አንብብ())

ተጠቃሚው መጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 3 አስገባ። መልሱ 7 ነው ትላላችሁ። ሲ ግን ከሁለቱ አንብብ የትኛው ቀድሞ እንደሚጠራ አይደነግግም። አንዱ ኮምፓይለር 7፣ ሌላው -7 ቢሰጣችሁ ሁለቱም ሕግ አልጣሱም። ስለዚህ መስመሯን እንዳለች አትገልብጧት፤ በትኗት፦

ት1 = አንብብ();
ት2 = አንብብ();
ውጤት = ቀንስ(ት1, ት2);

የሚወጣው ሲ ባያምርም ግድ የለም። ቅደም ተከተሉን የወሰናችሁት እናንተ ናችሁ።

ቁጥርም ላይ ያው ነው። ባለ 32 ቢት ኢንት (የሲ ሙሉ ቁጥር) መጨረሻው የሆነው 2147483647 ደርሶ 1 ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ሲ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ዞሮ ኔጌቲቭ ይሁን ወይስ ፕሮግራሙ ይቁም? ወስኑ። እንዲዞር ከፈለጋችሁ ጂሲሲ የሚባለው የሲ ኮምፓይለር ኤፍራፕቪ (-fwrapv) የሚባል አማራጭ አለው። እኔ እንዲቆም ነው የምመርጠው። የብር ሒሳብ የሚሠራ ሰው የተሳሳተ ድምር በዝምታ ሊደርሰው አይገባም።

የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደል ለመፍቀድ ካሰባችሁ (ብትፈቅዱ ደስ ይለኛል) ጂሲሲ ከ10ኛው እትሙ ጀምሮ ፊደላችንን በቀጥታ ይቀበላል። ለሌሎች ኮምፓይለሮች እያንዳንዱን ፊደል በዩኒኮድ ቁጥሩ ተኩት፤ በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት አቆጣጠር) ሰ 1230፣ ሠ 1220 ነው። አንዱ «ሥራ» ሌላው «ስራ» ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ስሞች ናቸው። አንድ ላድርጋቸው አትበሉ። በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለቱም ሲገኙ ግን ማስጠንቀቂያ ስጡ። ስሞቹ ከሲ ቃላት ጋር እንዳይጋጩም ሁሉም ላይ የራሳችሁን ቅጥያ ከፊት ለጥፉ።

የላይን መመሪያን ከመጀመሪያው ቀን አስገቡ። በምታወጡት ሲ ውስጥ «ይህ የመጣው ከዚህ ፋይል፣ ከዚህ መስመር ነው» የምትል ምልክት ነች። እሷ ከሌለች ተጠቃሚያችሁ ስህተት ሲሠራ ራሱ ያልጻፈው የሲ ፋይል 4000ኛ መስመር ላይ ይጣላል።

ፈተናዎቻችሁን በጂሲሲም፣ ሌላ የሲ ኮምፓይለር በሆነው በክላንግም አስኪዱ፤ አንዴ ያለ ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ኮዱን ሳያፈጥነው)፣ አንዴ ኦፕቲማይዜሽንን በሚያበራው በኦ2 (-O2) አማራጭ። ውጤቱ ከተለያየ፣ የምታወጡት ሲ ውስጥ ለኮምፓይለሩ የተተወ ውሳኔ አለና እሱን ፈልጉ።